«አጥብቀው» እና «እጠበው»፦ ከአባዬ ጋር ሞተር የፈታንባቸው ሦስት ቅዳሜዎች

የዛሬው ጽሑፌ ግራሶ ግራሶ ቢሸታችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ፌርፋክስ ባለው ቤታችን ደጅ ከአባቴ ጋር የመኪና ሞተር ስንፈታና ስንገጥም ከርመናል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። በዚያው ላይ፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ «ገባኝ» በማለቴ ምን ልናጣ እንደነበር እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። ታናሽ እህቴ አናንዴል ካለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ ቤት ስትመለስ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ ወደ ቀዩ መስመር ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። ደንግጣ ወደ አባዬ ደወለች።

«አባዬ፣ መኪናዋ እየጨሰች ነው!»

አባዬ ሦስት ነገር ብቻ አላት። «ዳር ያዢ። ሞተሩን አጥፊ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ።»

ሦስቱንም ያዙልኝ፤ አንድ ቀን ይጠቅሟችኋል። የጋለ ሞተር እየሠራ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ክዳኑን ደግሞ መንካት የማይገባው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ታምቆ ስለሚቆይ ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ የራዲያተር ፈሳሽ የሆነው ድብልቅ ክዳኑ እስካመቀው ድረስ ሙቀቱ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያልፍም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግን በአንዴ ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

አባዬ የበሽታውን ስም ሲነግረኝ

አባዬ ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ፣ እንደ ብዙ ያገራችን ሰዎች፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጣቶቹን ሪህ ስለያዛቸው ብሎን ማጥበቅ አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራት ነገር አየ። አንደኛ፣ የራዲያተሩ ፈሳሽ ቀንሷል፤ መሬት ላይ ግን የፈሰሰ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ የዘይቱን ክዳን ሲከፍት ከሥሩ ማኪያቶ የሚመስል አረፋ ተለጥፎበታል፤ ይህ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሞተሩን ለአፍታ ሲያስነሣው ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ወጣ። አራተኛ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቃዛው ሞተር እንደተነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለምሳሌ በክረምት፣ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር አረፋ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከዕቃ መሸጫ መደብር የጋዝ መመርመሪያ ገዛን። ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የእኛው ቢጫ ሆነ።

«የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» አለ አባዬ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አንዱም ቃል አልገባኝም።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የቤት አማርኛ እችላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰርግም ቤት አላፍርም። የጋራዥ አማርኛ ግን ሌላ ቋንቋ ሆነብኝ። እውነትም ግማሹ ሌላ ቋንቋ ነው።

ጣልያንኛው ከየት መጣ?

ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. (በፈረንጆች ከ1936 እስከ 1941) ኢትዮጵያን ወርራ በቆየችበት ጊዜ መንገድ ሥራና የጭነት መኪና፣ ከነሱም ጋር ጋራዥ ተስፋፋ። ጦሩ ተሸንፎ ሲወጣ የመኪናው ቋንቋ ቀረ። ዛሬም ያገራችን መካኒክ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ይላል። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «ጎማ»ም እንዲሁ፤ ያለዚህ ቃል አማርኛ የሚናገር ሾፌር አታገኙም።

አንዳንዶቹ ትርጉማቸው ሲታወቅ ደስ ይላሉ። «ካንዴላ» በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ እሳት የሚለኩሰው ዕቃ በሻማ ተሰየመ። መፍቻውን «ኪያቬ» የምንለው ቁልፍ ለማለት ነው። «ቴስታታ» ደግሞ ራስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እንግሊዝኛውም ያንኑ የሞተር ክፍል «ሄድ» ይለዋል። በየትኛውም ቋንቋ የሞተሩ ራስ ነው ማለት ነው።

ጓርኒሲዮኑ ምን ይሠራል?

ሞተሩን ሁለት ፎቅ ያለው ቤት አድርጋችሁ አስቡት። ምድር ቤቱ ብሎኩ ነው፤ ፒስተኖቹ እዚያ ውስጥ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ፎቁ ቴስታታው ነው፤ አየርና ነዳጅ የሚያስገቡት፣ ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮች እዚያ አሉ። በሁለቱ መካከል የሚነጠፈው ቀጭን ሉህ ጓርኒሲዮኑ ነው። እሳት፣ ዘይትና ውሃ በዚህ ሉህ ቀዳዳዎች በኩል ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ እንዳይገናኙ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። የሚነደው ጋዝ ሙቀቱ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል።

ታዲያ ለምን ይበላሻል? በብዙ መኪናዎች ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ ፎቆች ጓርኒሲዮኑን በየፊናቸው ይፈትጉታል። ደህና የተያዘ ሞተር ይህን ለብዙ ዓመታት ይችለዋል። ከመጠን በላይ ሲግል ግን ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም መያዣ ያጣል።

«አዲስ አበባ ላይ ይባስ ነበር» አለኝ አባዬ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ስላለች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ያረጀ መኪና እንጦጦን ሲወጣ ውሃው ቶሎ ይፈላበት ነበር። በትንሽ ክዳን የተነሣ ትልቅ ሞተር ይቃጠላል።

ለምን ራሳችን ሠራነው?

አንድ ጋራዥ የጠየቀን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ። እህቴ ነርስ ለመሆን ነው የምትማረው፤ ትምህርቱ በነሐሴ መጨረሻ ይጀምራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ትሠራለች። በአውቶቡስ ልሂድ ብትል ሁለት ጊዜ መቀየር አለባት፤ ማታ መመለሻውም ያስቸግራል። መኪና ካጣች አንድም ሥራውን፣ አንድም ትምህርቱን መተው ነበረባት።

አባዬ ሁለት ቀን ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያ «እኔ አፍ ልሁን፣ አንተ እጅ ሁን» አለኝ።

እናንተም ልትሞክሩ ካሰባችሁ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አምስት ነገር አረጋግጡ። ቦታው ይፈቀዳል ወይ? የቤቱን ባለቤት፣ የሰፈሩን ማኅበርና የካውንቲውን ደንብ ጠይቁ። የዚያችው መኪና የጥገና መጽሐፍ አላችሁ ወይ? ያለ እሱ አትጀምሩ። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ኪያቬ አለ ወይ? ብዙ የዕቃ መደብሮች በመያዣ ገንዘብ ያውሱታል። ሌላ መሄጃ መኪና አለ ወይ? ነገ ጠዋት የምትፈልጉትን መኪና ዛሬ አትፍቱ። በመጨረሻም፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ አለ ወይ? እኛ ከአምስቱ ይህንን ይዘን ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ መፍታት

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ነቀልን። ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ በባልዲ አጠራቀምን። ይህ ፈሳሽ ሽታውም ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ ግን መርዝ ነው። ውሻ ይልሰዋል፤ ሕፃን ይቀምሰዋል። መሬት ላይም ቦይ ውስጥም አይደፋም። ፌርፋክስ ካውንቲ ያገለገለ ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ የሚቀበልባቸው ቦታዎች አሉት፤ አንዱ ዌስት ኦክስ ሮድ ላይ፣ ሌላው ሎርተን ውስጥ ነው።

ቺንጊያውን ከማውለቃችን በፊት አባዬ ሞተሩን በእጅ አስዞረኝና አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ አስቆመኝ። በዚያ ቦታ የሞተሩ ምልክቶች ሁሉ ከአቻዎቻቸው ጋር ይገጥማሉ። ፎቶ አነሣሁ። ገመድ በነቀልሁ ቁጥር ፎቶ፣ ቱቦ ባወለቅሁ ቁጥር ፎቶ።

አባዬ በፎቶ አይተማመንም። ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ሳለ፤ ብሎኖቹ ባሉበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ በሳ። እያንዳንዱን ብሎን ስፈታ በራሱ ቀዳዳ ሰካሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ነበር፤ የተጠቀምንበት ግን ካርቶኑን ነው።

የቴስታታ ብሎን ዝም ብሎ አይፈታም። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል፣ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። አንዱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል። ስናነሣውም ሁለት ሆነን ነው፤ ከባድ ነው፤ ፊቱም መጫር የለበትም።

አሮጌው ጓርኒሲዮን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ጠቁሮ ተበልቶ አገኘነው። አባዬ በጣቱ ዳሰሰውና «ይኸውልህ» አለ። ያን ያህል ነገር ያስቆመችን ከጥፍር የማትበልጥ ቦታ ናት።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ማጽዳትና ማጥበቅ

ቴስታታውን ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድሞ ከሥሩ ቀጫጭን ብረት በማስገባት ለካው። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከቀጭን ፀጉር አይበልጥም። የእኛው አልፎ ስለነበር ላጠው፤ ስንጥቅ እንዳለበትም መረመረው። ደግነቱ አልተሰነጠቀም። ይህን ምርመራ ዘሎ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ገንዘብን ውሃ ላይ መጣል ነው፤ በወራት ውስጥ ያው በሽታ ይመለሳል።

እቤት ደግሞ የብሎኩን ፊት አጸዳን። በሚሽከረከር ሻካራ ዲስክ ልፋቀው ብዬ ስነሣ አባዬ እጄን ያዘ። ከዲስኩ የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ ዘይት ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ማረፊያዎች ይበላል። በፕላስቲክ መፋቂያና በጨርቅ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የብሎኖቹን ጉድጓዶችም አደረቅን። ጉድጓዱ ውስጥ ፈሳሽ ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

አዲሱን ጓርኒሲዮን ጽሑፉ በሚያሳየው አቅጣጫ አነጠፍነው። አንዳንድ ሞተር ላይ የቴስታታ ብሎን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ሲጠብቅ ይለጠጣልና። የእኛ መጽሐፍ አዲስ ግዙ ስለሚል ገዛን።

ከዚያ የምትስቁበት ነገር መጣ። ቴስታታውን አስቀምጠን ብሎኖቹን በእጅ ካስገባሁ በኋላ አባዬ «በል አጥብቀው» አለኝ። እኔ ቀጥ ብዬ ሄጄ ባልዲና ጨርቅ ይዤ መጣሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እጠበው አላልከኝም?»

እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እማዬ በመስኮት ሰምታ ሳቀች። አባዬም ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ልጄ፣ ውሃ ከነካው እንደገና ልንፈታው ነው» አለኝ። «አጥብቀው» ከመጥበቅ ነው፤ የላላው እንዲጠብቅ ማድረግ። «እጠበው» ከማጠብ ነው። በመካከላቸው ያለችው «ቅ» ናት። እኛ እዚህ ያደግን ልጆች ደግሞ «ቅ»ን እንውጣታለን።

የማጥበቁ ሕግ የመፍታቱ ተቃራኒ ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር። አልጋ ላይ ጋቢ ስታነጥፉ እጃችሁን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ታሻሹት የለ? ጭምዳዱ እንዲወጣ ነው። ጓርኒሲዮኑም እንደዚያው ነው። ሁሉም ብሎኖች በመጀመሪያው ዙር ትንሽ፣ በሁለተኛው የበለጠ፣ በመጨረሻ መጽሐፉ እስከሚያዘው ልክ ይጠብቃሉ። አንዳንድ ሞተር ላይ የመጨረሻው ዙር የሚለካው በኃይል ሳይሆን በማዕዘን ነው፤ ለምሳሌ 90 ዲግሪ፣ ሩብ ዙር። ቁጥሩን ከመጽሐፋችሁ ውሰዱ እንጂ ከጎረቤት አትጠይቁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ ታይሚንግ

ሞተር አራት ነገር በተራ ያደርጋል፦ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ለመጨረስ ከታች ያለው ክራንክ ሻፍት ሁለት ዙር ይዞራል። ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ከላይ ያለው ካም ሻፍት ግን አንድ ዙር ብቻ ይዞራል። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው እጥፍ ነው፤ የታችኛው 20 ከሆነ የላይኛው 40 ይሆናል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቺንጊያው ወይም ሰንሰለቱ ነው። ከበሮ መቺውና ጨፋሪው አንድ ምት መጠበቅ እንዳለባቸው፣ ፒስተኑና ቫልቩም እንደዚያ ናቸው።

«ታይሚንግ» ሲባል ሁለት ነገር እንደሆነ ልብ በሉ። አንዱ ይህ የቫልቭ ነው። ሌላው ካንዴላው መቼ ብልጭ ይበል የሚለው ነው። አባዬ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎችን ሲሠራ ብልጭታውን በእጁ ነበር የሚያስተካክለው። እሳት አከፋፋዩን ትንሽ ላላ አድርጎ፣ በሚያበራ መመርመሪያ እያየ፣ ድምፁን እያዳመጠ ያዞረዋል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ብልጭታውን ትንሽ ማስቀደም ይጠቅማል። በዛሬ መኪና ይህን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ለሰው የቀረው የመጀመሪያው፣ ምልክትን ከምልክት ማግጠም ነው።

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «የላላው ወገን ወደ መወጠሪያው ይሁን። ገባህ?» አለኝ።

መወጠሪያ የሚባለውን ቃል አላውቀውም ነበር። መሽቷል፤ ደክሞኛል፤ በባልዲው ነገር ተስቆብኛል። «ገባኝ» አልሁ።

ቺንጊያውን አጠለቅሁት፤ ምልክቶቹ የገጠሙ መሰለኝ፤ አጠበቅሁት። ቁልፉን ለማንሣት ስሄድ አባዬ «ቁልፉን ተው። በእጅ ሁለት ዙር አዙረው» አለ።

«አባዬ፣ ምልክቱ ልክ ነው እኮ። አይቼዋለሁ።»

«ሁለት ዙር።»

እያጉረመረምሁ ትልቁን ኪያቬ አስገብቼ መጽሐፉ በሚለው አቅጣጫ አዞርሁ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። እህቴ ባትሪ ይዛ ታበራልኛለች። የታችኛው ምልክት ቦታው ላይ ገጠመ። የላይኛውን ጎንበስ ብላ አየችና «አንድ ጥርስ ይጎድላል» አለች።

አንድ ጥርስ ትንሽ ይመስላል። 40 ጥርስ ባለው የላይኛው ጎማ ላይ ግን 9 ዲግሪ ነው፤ በታችኛው ሲቆጠር 18። ሞተሩ በዚህ ልክ ቢነሣ ኃይል ያጣል፤ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ለበለጠ ስሕተት ደግሞ፣ እንደኛው ዓይነት ሞተር ላይ፣ የተከፈተ ቫልቭና የሚወጣ ፒስተን ይጋጫሉ። ቫልቩ ይጎብጣል፤ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። በእጅ የምናዞረው ለዚህ ነው፤ የሚከለክል ነገር ካለ እጅ ያውቀዋል። ከከበደ አይገፋም፤ ይቆማል። የመኪናው ቁልፍ ግን አያውቅም።

አባዬ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እኔ አቀረበ። «መወጠሪያው የቱ ነው?» አለኝ።

ዝም አልሁ።

«ድንኳን ሲወጥሩ አይተሃል? የከበሮ ቆዳ ሲወጠርስ? እንዲጠብቅ ሲሳብ መወጠር ነው። ይህቺ ቺንጊያውን የምትስበው መወጠሪያ ናት። ልልነቱ ወደ እሷ ካልሆነ፣ ስትስበው ጥርሱ ይሸሻል።»

ከዚያ ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። ለማጅ ሳለ የአንድ ባለታክሲን ሞተር ሲገጥም አለቃው «ገባህ?» ብሎት «ገባኝ» ብሎ ነበር። አልገባውም ነበር። ሳያዞር አስነሣው፤ ቫልቮቹ ጎበጡ። ባለታክሲው ከዚያች መኪና በቀር መተዳደሪያ አልነበረውም። ዕቃ እስኪገኝ ድረስ ሰውየው በየጠዋቱ እየመጣ ጋራዡ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። «አንድም ቀን አልሰደበኝም» አለ አባዬ። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ገባኝ ብዬ አላውቅም።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ከማፍሰሳችን በፊት ተያዝን። ቺንጊያውን አውልቀን፣ የላላውን ወገን ወደ መወጠሪያው አድርገን እንደገና ገጠምነው። ሁለት ዙር። ገጠመ። አባዬ «እንደገና» አለ። ሁለት ዙር። ገጠመ።

ማስነሣት

ውሃ የገባበትን ዘይት ከነማጣሪያው ቀየርን። አዲስ ፈሳሽ ሞላን፤ የቤት ውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተን አየሩን አስወጣን። ውስጥ የቀረ አየር ሞተሩን መልሶ ሊያግለው ይችላልና። ቁልፉን ያዞረችው እህቴ ናት። ጥቂት ተንገራገጨ፤ ከዚያ ተነሣ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ መርፌውን አየን፤ ከመሃል አልፎ አልሄደም።

አንድ ምክር ልጨምር። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ታዝዛለች። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ጊዜ የጥቂት ቀናት መንዳት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠግናችሁ በማግስቱ ለጭስ ምርመራ አትሂዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥርም ፈጽሞ አትግቡ፤ ቋሚ መደገፊያ አድርጉበት። ብሎኩ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ የቤት ሥራ አይደለም፤ ለባለሙያ ስጡት።

እህቴ ትምህርቷን ጀምራለች። ትናንት ማታ ከሥራ ስትመለስ ደወለች። «አባዬ፣ ከፍሬኑ በኩል ሲጥጥ የሚል ድምፅ አለ» አለችው። በአማርኛ። አባዬ ጫማውን ማድረግ ጀመረ።

የሳምንቱ ቃላት

ቴስታታ፦ የሞተር የላይኛው ክፍል፣ ራሱ።
ጓርኒሲዮን፦ በሁለት ብረቶች መካከል የሚነጠፍ፣ ፈሳሽና ጋዝ እንዳይሾልክ የሚያደርግ ሉህ።
ቺንጊያ፦ ጎማ ቀበቶ፤ የአንዱን ዙረት ለሌላው የሚያስተላልፍ።
ኪያቬ፦ ብሎን መፍቻ።
ቶርኖ ቤት፦ ብረት የሚላጥበትና የሚስተካከልበት ሥራ ቤት።
ለማጅ፦ ሙያ በመማር ላይ ያለ ሠራተኛ።
ላላ፦ ጥብቀቱ ቀነሰ። «ብሎኑ ላልቷል።»
ጠበቀ፦ የማይንቀሳቀስ ሆነ። «ብሎኑ ጠብቋል።» (ይኸው ጽሕፈት «ጓደኛዬን ጠበቅሁ» ሲባል ትርጉሙ ሌላ ነው።)
ወጠረ፦ ስቦ አጠበቀ። «ድንኳኑን ወጠሩ።»
ጎበጠ፦ ቀጥ ያለው ተጣመመ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም አንድ ጋሼን ወይም እትዬን ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ። የሥራቸውን አምስት ዕቃዎች ስም አስጽፏቸው። ያልገባችሁ ቃል ካለ «አልገባኝም» በሏቸው። ሳምንት እንገናኝ።